ዋጊ የተባለው ካሚዮን

ለአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት እስቴ ስመደብ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። አንዷ ሐረር፣ ሌላዋ አስመራ ደርሷቸው ነበርና፣ መካነ ኢየሱስ የምትባለውን የወረዳውን ከተማ ካርታ ላይ ፈልገው ሲያጧት እንደ ሐዘንተኛ አጽናኑኝ። እኔ ግን በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። የተወለድኩት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ጋይንት ውስጥ ነው፤ የገብስ ማሳም የበሬ ጠባይም አውቃለሁ። ደስታዬን ግን ለማንም አልተናገርኩም። መናገር አይሆንልኝም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ የተማርኩ፣ ስም ሲጠራ "አቤት" ማለቴን አስተማሪው ሁልጊዜ የሚያስደግመኝ ልጅ ነበርኩ። ሕግ ለመማር ስመርጥ አባቴ የሳቁት ለዚህ ነው። "ጠበቃ ሆነሽ በጥቅሻ ልትከራከሪ ነው?" አሉኝ።

የወረዳው ፍርድ ቤት ከገበያው በላይ ያለች ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት። ከፊት የዳኛው ጠረጴዛ፣ ከበላዩ የጃንሆይ ፎቶግራፍ፣ በስተጎን ደግሞ አንድ እግሯ ስላጠረ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተደረገላት የእኔ ትንሽ ጠረጴዛ። ሥራዬ የባለጉዳዮችን ቃል መጻፍ፣ ዳኛው ሲጠይቁኝም አዲሱ ሕግ ምን እንደሚል መንገር ነበር። ዳኛው ግን አይጠይቁኝም። ሸምገል ያሉ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ሲስቁ ድምፃቸው ሳይሰማ ትከሻቸው ብቻ የሚነቃነቅ ሰው ነበሩ። አዲሱን የሕግ መጽሐፍ በነጭ ሻሽ ጠቅልለው መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠውታል።

"እንግዳ ነው" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ በከዘራቸው እያመለከቱ። "ከአዲስ አበባ መጣልኝ። አከብረዋለሁ። ግን እንግዳ በመጣበት ቀን እርፍ ጨብጥ አይባልም፤ አይደል ልጄ?"

"አዎ ጌታዬ" አልኩ። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ባለጉዳዮቹም ምን ብለው እንደሚጠሩኝ ቸገራቸው። ሴት ልጅ ችሎት ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ አይተው አያውቁም። ገሚሱ የዳኛው ልጅ ናት አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ለጎረቤቷ "ምሳ ይዛላቸው መጥታ ቀጠሮው ሲረዝም እዚያው የቀረች ናት" ብላ ስታስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላረምኳትም።

ነገሩ የመጣው በመጋቢት ነው።

በከተማው አንድ የጭነት መኪና ነበር፤ ሕዝቡ ካሚዮን ይለዋል። ባለቤቱ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ፣ ጺማቸውን በሒና ያቀሉ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ካሚዮኑን ከወንድ ልጅ አያሳንሱትም። ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ስለተቀባ፣ እንደ ግንባረ ነጭ በሬ "ቦራ" ብለው ሰየሙት። ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል። ከካሚዮናቸው ቀጥሎ የሚወዱት ሙግት ነው። ለአንድ የድንበር አጥር እስከ ጎንደር ይግባኝ ብለው፣ ተሸንፈው ሲመለሱ እንኳ "ሙግቱ ግን ጥሩ ነበር" ያሉ ሰው ናቸው ይባላል።

አንድ የገበያ ቀን ሾፌሩ ቦራን ከእህል ተራው በላይ ካለው ተዳፋት ላይ አቁሞ፣ ከኋላ ጎማው ስር ድንጋይ ወሸቀና ሻይ ቤት ገባ። ድንጋዩ የሚፈረካከስ ዓይነት ኖሯል። ተፈረካከሰ። ካሚዮኑ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ገበያተኛው በጩኸት ግራና ቀኝ ሲበተን፣ አንድ ገበሬ አጎንብሶ የስልቻውን አፍ ሲያስር ነበርና አልሰማም። እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰበረው። ቦራም ከገበያው መሐል ካለችው ወይራ ተደግፎ ቆመ።

ገበሬው ችሎት የቀረበው በቃሬዛ ነው። ጎረቤቶቹ ተሸክመው አምጥተው ከዳኛው ጠረጴዛ ፊት አኖሩት። እግሩ በወጌሻ ታሽቶ በቀርከሃ ታስሯል። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ቢሆን ነው፤ ተጋድሞ እንኳ ዓይኑ ይስቃል።

"ምን ትላለህ?" አሉት ዳኛው።

"ጌታዬ፣ እግሬ እስኪገጥም እግር ይስጡኝ" አለ። "ሌላ አልልም።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ገብቶታል። ገበሬው ያለው አንድ በሬ ነው። ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ናቸው፤ ሁለቱን በሬ ጠምደው አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ያርሳሉ። መቀናጆ በሬም ጉልበትም ይፈልጋል። አሁን በሬው ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ተጋድሟል። ልጆቹ ገና ጥጃ የሚጠብቁ ሴቶች ናቸው። መሬቱን ጎረቤቶቹ በደቦ አንድ ጊዜ ገምሰውለታል፤ መድገምና መዝራት ቀርቷል። መቀናጆው የሚያርስለት ሰው ካላገኘ በሬውን ከሌላ ሊያቀናጅ ነው። ያኔ ማሳው ጦም ያድራል፤ ቤቱም በሚመጣው ዓመት ጦም ያድራል።

ባለካሚዮኑ ኩታቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። በእጃቸው ቀጭን ከዘራ ይዘዋል።

"ወላሂ ጌታዬ፣ ስለ እግሩ አዝኛለሁ። ሄጄም ጠይቄዋለሁ፤ ስኳር ይዤ። ፍርድ ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ሾፌሬ ሻይ ቤት፣ እኔ ሱቄ ነበርን። ቦራ በራሱ ነው የሄደ። በራሱ ሄዶ ሰው የጎዳ ነገር ደግሞ በአገራችን ልማድ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።"

"ምን ይባላል?" አሉ ዳኛው።

"በሬ ነዋ! በሬ ሰው ቢወጋ ጌታው የሚጠየቀው መቼ ነው? ዋጊነቱን እያወቀ የለቀቀው እንደሆነ ነው። የዋህ በሬ አንድ ቀን ቢያመልጠው የጌታው ጥፋት አይደለም። ቦራ ከገዛሁት ጀምሮ ሰው ነክቶ አያውቅም። የዋህ ነው። ምስክር አለኝ።"

ሰው ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። ከበሩ አጠገብ የነበሩ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተባለው ልክ ነውና።

ገበሬው ከቃሬዛው ላይ በክርኑ ብድግ አለ። "የዋህ ነው? የስማዳውን ሰውዬ አህያ የወጋስ እሱ አይደለም?"

"አህያ ሰው ነው እንዴ?"

"አህያ የወጋ በሬ ዋጊ አይባልም ጌታው? አንቱ ቤት ምን ትሉታላችሁ፣ ተጫዋች?"

አሁን ሳቁ። ዳኛው በከዘራቸው መሬቱን መቱና ሁለቱም ምስክሮቻቸውን ይዘው እንዲቀርቡ ቀጠሮ ሰጡ። እኔም በጥንቃቄ ጻፍኩ፦ "ተከሳሽ ካሚዮኑ የዋህ መሆኑን፣ ከሳሽ ካሚዮኑ ዋጊ መሆኑን በሰው ምስክር እንዲያስረዱ።" ጽፌ ሳበቃ ደግሜ አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ቢያዩት ምን ይሉ ነበር ብዬ ፈገግ አልኩ።

አዲሱ ሕግ ምን እንደሚል አውቅ ነበርና። ጉዳት የደረሰበት ሰው ራሱ አጥፍቶ ካልሆነ በቀር፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ያለ ጥፋቱም ይጠየቃል። ሾፌሩ ቢኖርም ባይኖርም፣ ምክንያቱ ቢታወቅም ባይታወቅም። የመኪናው የቀድሞ ጠባይ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ይህን ለመናገር በማግስቱ ጠዋት ዳኛው ሳይገቡ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ምነው ልጄ?" አሉኝ ሲመጡ።

"ቀለም… ቀለም አልቋል" አልኩ።

ዳኛው ገብተው የቀለሙን ብልቃጥ አነሡ። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ብልቃጡን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ትከሻቸው ትንሽ ተነቃነቀ። መልሰው አስቀመጡት።

በቀጠሮው ቀን ቤቱ ሞልቶ በመስኮት እንኳ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። በመጀመሪያ ለቦራ የመሰከሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

"የዋህ ነው" አሉ አባ፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። "ጌታው በሃይማኖት ባይመስሉንም የቤተ ክርስቲያናችንን ቆርቆሮ ከደብረ ታቦር ያመጡልን በነጻ ነው። ያን ዕለት ሕዝቡ እልል ሲልለት፣ ልጆች ሲንጠለጠሉበት፣ ቦራ ቀጥ ብሎ ነው የቆመ። ንቅንቅ አላለም።"

"ፍሬን ተይዞ እኮ ነው አባ" አለ ገበሬው ከቃሬዛው።

"ታስሮም የሚዋጋ አለ ልጄ" አሉ አባ፣ እንደ መባረክም እንደ መገሠጽም አድርገው።

ቀጥሎ የስማዳው ሰው ቀረበ። ከወገዳ ማዶ በእግሩ የመጣ፣ አቧራው ገና ያልተራገፈ ሰውዬ ነው። አህያዋንም ለምስክርነት ይዟት መጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ግንድ አስሯታል። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ካሚዮኑ ገፍቶ ቦይ ውስጥ እንደከተታት አስረዳ። ባለካሚዮኑ ከዘራቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

"ቦራ አህያዋን ነካ፣ ወይስ አህያዋ ቦራን ነካች?"

"ቦራ ነው የነካት።"

"በምኑ?"

"በግንባሩ።"

ቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። "በግንባሩ ከሆነማ ውጊያ ነው" አለ ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ።

ባለካሚዮኑ ደነገጡ፤ ግን ሙግተኛ ናቸው። "ሞተች?"

"ኧረ እሷ! ውጭ ታስራለች።"

"ተሰበረች?"

"አልተሰበረችም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

"ከዚያ ወዲህ የካሚዮን ድምፅ ስትሰማ መንገድ ላይ ትቀመጣለች" አለ ሰውየው በሐዘን። "ጭነቷን እንደያዘች። እስኪያልፍ አትነሣም።"

የዳኛው ትከሻ ለረጅም ጊዜ ተነቃነቀ። ከዚያም፣ ሁለቱም ምስክር ከባድ መሆኑን፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ደግሞ ቦራ ዶሮዋን የደፈጠጠባት ሴት አለች ስለተባለ እሷም ተጠርታ እንድትመሰክር፣ ለዚህም ሌላ ቀጠሮ እንደተሰጠ አስታወቁ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተበተነ። እንዲህ ያለ ሙግት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሆኗልና።

ደስ ያላላት የገበሬው ሚስት ብቻ ነበረች። ወረቀቶቼን ይዤ ስወጣ ግቢው ውስጥ ጠበቀችኝ። ቀጭን፣ ንግግሯ ፈጣን የሆነች ሴት ናት።

"እታለም፣ አንቺ ከዳኛው ጎን ነሽ የምትቀመጪ። መቼ ነው የሚያልቅ?"

"አላውቅም" አልኩ።

"መቀናጆው እስከ ግንቦት ልደታ ነው የሚጠብቀን። ከዚያ በሬውን ከሌላ አቀናጃለሁ ብሏል። አልፈርድበትም፤ እሱም ልጆች አሉት።" አህያዋን በአገጯ አመለከተች። "እነዚህ የካሚዮኑን ጠባይ መርምረው ሲጨርሱ ዝናቡ ይመጣል። እኛ ምን አገባን? ዋጊ ይሁን፣ ቆራቢ ይሁን፣ የሰበረው እግር ያው እግር ነው!"

አየኋት። የሕጉን ቃል እንዳለ ነበር የተናገረችው፤ ያውም ከሕጉ አሳጥራ።

ተመልሼ ገባሁ። ዳኛው ኩታቸውን እየተከናነቡ ነበር። ቀጥ ብዬ ሄጄ መስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን መጽሐፍ አነሣሁ፤ ሻሹን ፈታሁ፤ ገጹን ገልጬ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። አፌ ባይታዘዘኝም እጄ ታዘዘኝ።

ዳኛው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያስኬዱ፣ እንደ ዳዊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ደገሙት።

"እንግዲያው ዋጊ ቢሆንም ባይሆንም አንድ ነው?"

"አንድ ነው ጌታዬ።"

"አህያዋ በከንቱ ነው የመጣች?"

"በከንቱ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥሩ ሕግ ነው። አጭርም ነው። ግን ስሚኝ ልጄ፤ ይህን አንብቤ በባለካሚዮኑ ላይ ብፈርድ ነገ ጠዋት ደብረ ታቦር ናቸው። እዚያ ባይሆንላቸው ጎንደር፤ ጎንደር ባይሆንላቸው አዲስ አበባ ዙፋን ችሎት። ይግባኙ ሲንከራተት የሰውየው እግር ይገጥማል፤ ልጆቹንም ይድራል። እሳቸው ገንዘብ አይሳሱም፤ አውቃቸዋለሁ። ያልገባቸውን ነገር ግን አይለቁም። እንዲገባቸው መነገር አለበት።"

"አዎ ጌታዬ።"

"እንግዲህ አንቺ ንገሪያቸው።"

"እኔ?"

"እንግዳውን የምታውቂው አንቺ ነሻ! እኔ ገና መተዋወቄ ነው። የአርብ ገበያዋን ሴት ትተን ቀጠሮውን እናሳጥረዋለን።"

በሚቀጥሉት ቀናት የተከራየሁበት ቤት ጓሮ ለዶሮዎች ሕግ ሳስተምር ሰነበትኩ። "ባለቤቱ ያለ ጥፋቱም…" ስል ዶሮዎቹ ይበተናሉ፤ አውራ ዶሮው ብቻ ቆሞ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። የቤቱ እመቤት ባጠገቤ ሲያልፉ "ይቺ ልጅ ጸሎቷ በዛ" አሉ። የመጽሐፉን ቃል እንዳለ ብናገረው ማንም እንደማይሰማኝ እዚያው ዶሮዎቹ ፊት ገባኝ። የአባቴን በሬ ያስታወስኩትም እዚያው ነው።

ቀጠሮው የሚያዝያ መጨረሻ ነበር። የስማዳው ሰው ፍርዱን ሳልሰማ አልሄድም ብሎ አህያዋን ይዞ ሰንብቷል። ገበሬው ከነቃሬዛው፣ ሚስቱ ከራስጌው፣ ባለካሚዮኑ አዲስ ኩታ ለብሰው፤ ሁሉም አለ። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ከመፍረዴ በፊት፣ አዲሱ ሕግ በዚህ ነገር ላይ ቃል አለው። ልጃችን ትነግረናለች።"

ተነሣሁ። ጠረጴዛዋ ከድንጋይዋ ተንሸራታ ተንገዳገደች።

"አባቴ በሬ ነበራቸው" አልኩ።

"አይሰማም!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አባቴ በሬ…"

ውጭ አህያዋ አናፋች፤ ረጅም አናፋች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ ስስቅ ግን ድምፄ ከጉሮሮዬ ወጣ። ያወጣሁትን ሳልመልሰው ቀጠልኩ።

"አባቴ ዋጊ በሬ ነበራቸው! ዋጊነቱ ከታወቀ በኋላ ሰው ሁሉ እንዲጠነቀቀው ቀንዶቹ ላይ እንጨት አሰሩበት። እንጨት የታሰረበት በሬ ሰው ቢጎዳ ማንም ምስክር አይጠራም። ጌታው ይክሳል፤ በቃ። እንዲህ አይደለም?"

"እንዲህ ነው" አሉ የበሩ ሽማግሌዎች።

"አዲሱ ሕግ ስለ ካሚዮን የሚለው ይህን ነው። ካሚዮን ከባድ ነው፤ ዓይን የለውም፤ በጅራፍ አይመለስም። ስለዚህ ሕጉ መኪናን ሁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንጨት እንደታሰረበት በሬ ነው የቆጠረው። የዋህ ነው፣ ዋጊ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ጠባዩ ሳይመረመር ባለቤቱ ይክሳል።"

ባለካሚዮኑ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ።

"ሁሉንም ወይዘሪት?"

"ሁሉንም።"

"የጎንደሩን አውቶቡስም?"

"እሱንም።"

"የአውራጃ ገዢውንም ጂፕ?"

"እሱንም ጌታው።"

ባለካሚዮኑ ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አዩ። "የጃንሆይንስ…"

ዳኛው ከባድ ሳል ሳሉ። "የጃንሆይ መኪና ተዳፋት ላይ በድንጋይ አይቆምም። ወደ ነገርዎ ይመለሱ።"

"ተመልሻለሁ ጌታዬ፣ ተመልሻለሁ!" አሉ ባለካሚዮኑ ፈጥነው። ጺማቸውን ዳሰሱ። የገበሬው ሚስት የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። እኔም መቀመጥ ረስቼ ቆሜያለሁ።

"እኔ የፈራሁት" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ቦራ ተለይቶ ዋጊ ነው እንዳይባል ነበር። ስሙ ጠፍቶ በየገበያው ሲሰደብ… ለሱ ስል ዙፋን ችሎት ድረስ እሄድ ነበር፤ ወላሂ እሄድ ነበር። ከገዢው ጂፕ ጋር አብሮ ከተቆጠረ ግን ምን ያሳፍረዋል? እንዲያውም ክብር ነው።" ወደ ዳኛው ዞሩ። "ይፍረዱ ጌታዬ። ይግባኝ አልልም።"

ሚስትየዋ እልል አለች። ዳኛው ችሎት ነው ብለው ገሠጿትና፣ የወጌሻውን ዋጋ፣ ገበሬው እስኪድን ድረስ ደግሞ የአንድ አራሽ ደመወዝ ባለካሚዮኑ እንዲከፍሉ ፈረዱ። እግር ጠይቆ ነበርና እግር ተፈረደለት። እኔም ጻፍኩት፤ በዚያ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ ያኛው የእጅ ጽሑፌ ያምራል። የስማዳው ሰው ብቻ "የኔዋ አህያስ?" ብሎ ቀረ።

"የራስህን ክስ ክፈት" አሉት ዳኛው።

"ልክፈት?" አለ ወደ ባለካሚዮኑ እያየ።

"ክፈት!" አሉ ባለካሚዮኑ፤ ዓይናቸው በርቶ።

ባለካሚዮኑ የተፈረደባቸውን ሳያሳድሩ ነው የፈጸሙት። እንዲያውም ቸኮሉ። የተቀጠረው አራሽ ልደታን ውሎ ካልመጣ አልችልም ስላለ፣ በልደታ ዋዜማ ለአንድ ቀን ሾፌራቸውን ላኩት። ችሎት አልነበረምና እኔም ከገበሬው ሚስት ጋር ሄጄ አየሁ። ሾፌሩ የከተማ ልጅ ነው። አንዱ እጅ እርፉን፣ ሌላው ጅራፉን መያዝ እንዳለበት ማን ነግሮት! እርፉን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞ ይታገላል። በሬዎቹ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲያዘግሙ ይጎተታል።

ገበሬው ማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። "ጎበዝ፣ ፍሬን ያዝ እንጂ!"

"የት አለው?" አለ ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ።

"ያንተውስ የት ነበረው?"

መቀናጆውም እዚያው ቆሞ ነበር። ያን ቀን የታረሰው እንደ እባብ የተጠማዘዘ አራት አምስት ትልም ብቻ ቢሆንም፣ በሬውን ፈትቶ አልወሰደም። በልደታ ማግስት እውነተኛው አራሽ መጣ። በሰኔ ገብሱ ተዘራ።

እኔ አገልግሎቴን ጨርሼ የተመለስኩት በመስከረም፣ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ በቦራ ነው። ባለካሚዮኑ "ገቢና ተቀመጪ ወይዘሪት፣ አንቺ የኛ ጠበቃ ነሽ" አሉኝ። በማን ወገን ተከራክሬ ጠበቃቸው እንደሆንኩ አልጠየቅኋቸውም። ልሳፈር ስል ከካሚዮኑ ግንባር፣ ከነጩ ቀለም በታች፣ በገመድ የተንጠለጠለ ትልቅ የወይራ ታኮ አየሁ። በድንጋይ ፈንታ ከጎማው ስር የሚወሸቅ ነው። በደንብ ተጠርቦ ቅቤ የተቀባ ይመስላል።

"እንጨቱ ነው" አሉኝ ሳፈጥ አይተው። "አንቺ ያልሽው። ዋጊ ከሆነ አይቀር በወጉ ይሁን።"

ከከተማው እንደወጣን ገበሬው መንገዱ ዳር ቆሞ አገኘነው። እግሩ ገጥሟል፤ ጥቂት ስለጠመመ ብቻ ያነክሳል። በብብቱ የገብስ እሸት ይዟል። ቦራ ሲመጣ ከመንገዱ ፈቀቅ፣ ደግሞ ፈቀቅ አለ። ሾፌሩ አቆመና ወርዶ ታኮውን ከጎማው ስር ወሸቀ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ መረመረው፤ በከዘራውም መታ መታ አደረገው።

"አሁን ሆነ" አለ። "አሁን እቀርባለሁ።"

እሸቱን በመስኮት አቀበለኝ። ከዚያው ማሳ የተቆረጠ፣ ገና አረንጓዴ፣ ጤዛው ያልደረቀ ነበር። እጄ ላይ ሲያርፍ ቀዘቀዘኝ።

"ያቺ አህያ የምትቀመጥበት ጠመዝማዛ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ" አለን። "ክሱ ገና አላለቀም።"